ሃያ ታብሌት በአንድ ጆንያ

በመምህራን ስብሰባ መካከል ሽንት ቤት አትሂዱ። ምክሬ ይኸው ነው፤ የቀረውን ባታነቡትም አልቀየማችሁም። እኔ ሄጄ ስመለስ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ የሽንት ቤታችን በር መቀርቀሪያ ስለሌለው እዚያ የሚቆይ ሰው የለም። ስገባ ባልደረቦቼ እያጨበጨቡ ተቀበሉኝ። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ የቡ ላይ ስምንት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ማንም አጨብጭቦልኝ ስለማያውቅ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ከኋላዬ ሰው የለም። ርዕሰ መምህራችን አቶ ነስሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ የታብሌት ኃላፊ አድርገን መርጠንሃል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘንድሮው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በወረቀት ሳይሆን በስክሪን ነው ተብሏል። የእኛ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ስክሪን የነኩት የአባታቸው ስልክ ላይ ነው፤ ያውም አባትየው ሳያይ። ስለዚህ ሃያ ታብሌት፣ የሙከራ ፈተና ውስጣቸው ተጭኖ፣ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች በተራ እንዲዞር ተደረገ። ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ሳምንት። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ቅዳሜ ጠዋት መኪና መጥቶ ለተረኛው ይወስዳቸዋል። ተራው ዞሮ እኛ ጋ እስኪመለስ ፈተናው ያልፋል። ልጆቹ ፈተና አዳራሽ ከመግባታቸው በፊት ስክሪን የሚለማመዱት በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነበር።

ፈረምኩ። የፈረመ ሰው ያገባ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፉ የራሱ አይደለም። ታብሌቶቹን ከነቻርጀራቸው ከተረከብኩበት ደቂቃ ጀምሮ ከተማው ሁሉ ሌባ መሰለኝ። ሻይ ቤት አብረውኝ የሚቀመጡትን ሳይቀር እጃቸውን ማየት ጀመርኩ። ደግሞ ጣሪያችን ያፈሳል። ደግሞ አይጥ አለ። ደግሞ ልጅ ይጥላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም ፈርሜ ነበር።

እናም የብረት ካቢኔት አስመጣሁና ሦስት ጓጉንቸር አንጠለጠልኩበት። አንዱ መክፈቻ እኔ ጋ፣ አንዱ አቶ ነስሩ ጋ፣ አንዱ የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ጋ ይሁን ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ሌባ እንኳ ቢመጣ መጀመሪያ ሦስታችንን መሰብሰብ አለበት። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ በየቡ ሦስት ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ የሚገኘው ለቅሶ ቤት ብቻ መሆኑን ነው። ወይዘሮዋ አጋሮ ለቅሶ ሄደው ሦስት ቀን ቆዩ። እሳቸው ሲመለሱ አቶ ነስሩ ጅማ ለስብሰባ ተጠሩ። አቶ ነስሩ ሲመለሱ ደግሞ የእኔ መክፈቻ የለም፤ እንዳይጠፋ ብዬ ደብቄው የደበቅኩበትን ረሳሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ካልሲ ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ሳምንት በዚህ አለቀ። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት በመስኮት እየመጡ ካቢኔቱን አይተው ይሄዱ ነበር።

የሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ካቢኔቱ ሲከፈት ታብሌቶቹ በሙሉ ሞተዋል። ቻርጅ መደረግ አለባቸው። በትምህርት ቤታችን ደህና የሚሠራ ሶኬት አንድ ነው፤ እሱም አቶ ነስሩ ቢሮ ከወንበራቸው ጀርባ። እሱ ላይ አንድ ዲቫይደር ሰካሁ፤ ዲቫይደሩ ላይ ሁለት ዲቫይደር፣ በሁለቱ ላይ ሌላ ሦስት። ሽቦው ወለሉን ሞላውና አቶ ነስሩ ወንበራቸው ጋ ለመድረስ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጅረት እንደሚሻገር ሰው ይረግጡ ጀመር። አይጥ ሽቦ ይቆርጣል ስለተባልኩ ከጎረቤት ድመት ተውሼ አመጣሁ። ድመቷ ግን አይጡን ትታ የሞቀ ቻርጀር ላይ ተኛች፤ ከሁላችንም የተሻለ ሥራ ያገኘች እሷ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ስልሳ፣ ታብሌቱ ሃያ፤ ለሦስት ልጅ አንድ። እንዳይጣሉ ብዬ ሥራ አከፋፈልኩ፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይነካል። የሚይዘው እጁ ዛለ፣ የሚያነበው ለራሱ አነበበ፣ የሚነካው ደግሞ ወዲያው ንጉሥ ሆነ። ሁሉም መንካት ፈለገ። እኔ በዴስኮቹ መካከል እየተሯሯጥኩ «ቀስ! ቀስ በል! ጫፉን ያዝ!» እላለሁ። አንድም ጥያቄ አላስተማርኩም፤ ስጮህ ነው የዋልኩት።

ሰሚራ የምትባል ተማሪ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጇን አወጣች። ሰሚራን የማውቃት በድርሰቷ ነው። ደብተሯን ለማረም ስከፍት ደክሞኝ እንኳ ከሆነ የምነቃበት አጻጻፍ አላት። ትምህርት ካለቀ በኋላ ግን ሌላው የየቡ ልጅ እንደሚያደርገው በቡና ወቅት ቡና ትለቅማለች፣ ትለያለች።

«ቲቸር፣ ማሎ፣ እባክህ» አለችኝ፣ «እኔን አያውቀኝም።»

«ምን ማለት ነው አያውቀኝም?»

«ስነካው ዝም ይላል። እነሱ ሲነኩት ይሠራል።»

ጠቋሚ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። ዝም። ደገመች። ዝም። ጓደኛዋ ስትነካው እሺ ብሎ ተከፈተ። እኔ ያየሁት ስክሪኑን ብቻ ነበር፣ እንዳይጫጫር። «እጅሽ ቆሽሾ ነው። ታጥበሽ ነይ» አልኳትና ታብሌቱን ከእጇ ወስጄ ለሌላዋ ሰጠሁት። «ታጥቤያለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እጇን ከዴስኩ ሥር ከተተችው። ደወሉ እስኪደወል አላወጣችውም።

ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ቻርጅ ላደርግ ስሰካ ድመቷ ብድግ ብላ በመስኮት ወጣች። «የሚሸት ነገር አለ» አሉ አቶ ነስሩ። የሚሸተው ሶኬቱ ነበር። ቀልጦ ከነዲቫይደሩ አንድ ሆነ፤ የትምህርት ቤቱም መብራት በሙሉ ጠፋ። ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ አየና ጭንቅላቱን ነቅንቆ «ለሰኞ» አለን። ሰኞ ታብሌቶቹ ሌላ ትምህርት ቤት ናቸው። የቀሩኝ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ነበሩ፤ የያዝኩትም ሃያ የሞተ ታብሌት ነው።

ሃያ ታብሌት የሚችል መብራት ቤቴም የለም፤ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ግን ጄኔሬተር ያለው የቡና መፈልፈያ አለ። ጠባቂው አባ መጫ ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጃንጥላቸው ፀሐይም ይሁን ዝናብ ከእጃቸው አይለይም። ከጓሯቸው የምትገኘውንም ትንሽ ቡና እዚያው ያስፈለፍላሉ። እሳቸው ጋ ሄጄ «አባ መጫ፣ የልጆች ታብሌት ቻርጅ ላድርግ» ብል ነገሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን የየቡ ወሬ ፈጣን ነው፤ አንድ ሰው ከሰማ ገበያው ሰማ፣ ገበያው ከሰማ ሌባ ሰማ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ብልህ ሆንኩ። እኔ ብልህ የሆንኩባቸውን ቀኖች ባለቤቴ በጣቷ ቆጥራ ትነግራችኋለች፤ አንዱም በደህና አልዋለም።

ብልሃቴ ይኼ ነበር፦ በኅዳር ወር በየቡ መንገድ ላይ ጆንያ የተሸከመን ሰው ማንም ዞሮ አያይም። የሚታየው ጆንያ ያልተሸከመው ነው። ታብሌቶቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ጆንያ ውስጥ ደረደርኩና ከላይ ከቤቴ ያመጣሁትን ቡና ደፋሁበት። ቻርጀሮቹንና ከመቅለጥ የተረፉትን ዲቫይደሮች በቦርሳዬ ይዤ፣ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ተሸክሜው መፈልፈያው ደረስኩ።

«አካም፣ መምህር! ቡና ጀመርክ እንዴ?» አሉኝ አባ መጫ።

«ትንሽ ናት፣ ዘመድ የሰጠኝ» አልኳቸው። የመጀመሪያው ውሸት። «እግረ መንገዴን ስልኬን የምሰካበት ቦታ ካለ?» ሁለተኛው።

«ረኮ ሂን ቀቡ፣ ምን ችግር አለው» ብለው የኋላውን ክፍል ከፈቱልኝ። በሩን ከውስጥ ዘግቼ ጆንያውን አራገፍኩና ሃያውን ሰካሁ። በየግማሽ ሰዓቱ አባ መጫ በሩን ያንኳኳሉ። «መምህር፣ ያ ስልክ ሆዱ ስንት ነው? በሬ ቢሆን እኮ ጠግቦ ነበር!» ይሉኛል። እኔ ውስጥ በላብ ተጠምቄ «ሊደርስ ነው፣ አባ መጫ» እላለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም ሞሉ። መልሼ ከትቼ ልወጣ ስል ያለጊዜው ዝናብ ወረደ። ሰዉ ሁሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡናውን ላስቲክ ለማልበስ ይሯሯጣል። ሃያ ታብሌት በዚያ ዝናብ ተሸክሜ አልወጣም። የጆንያውን አፍ የምሰፋበት ክር ስላጣሁ የቀኝ ጫማዬን ነጭ ማሰሪያ ፈታሁና በእሱ ሰፋሁት። ከዚያ ጆንያውን መጋዘን አስገብቼ ለአባ መጫ፣ «እስከ ጠዋት እንደ ራስዎ ቡና ይዩልኝ። አማና ነው» አልኳቸው።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እያልኩ ነው ያደግኩት። ጅማ አካባቢ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አደራን አማና ይለዋል፤ ቃሉ አንዴ ከወጣ ሰውዬው ቤቱ ቢቃጠል መጀመሪያ የሚያወጣው የእናንተን ዕቃ ነው። አባ መጫ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኢንሻአላህ» አሉ። እኔም ባንድ እግሬ ልቅ ጫማ እየጎተትኩ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጋዘኑ ባዶ ነው። ባዶ ስላችሁ አንድ ጆንያ እንኳ የለም። አባ መጫ ፊታቸው በርቶ ተቀበሉኝ።

«ኩኖ፣ ይኸው፣ እንደ ራሴ ነው ያየሁልህ!» አሉኝ። «ዝናቡን አይተኸዋል። መጋዘን ውስጥ ከዋለ እርጥበት ይይዘዋል። ዛሬ አይሱዙ ወደ ጅማ ስለሚሄድ የእኔን ስጭን የአንተንም ጫንኩ። ደግሞ ብድግ ሳደርገው ቀለለኝ፤ ምስኪን መምህር፣ ሙሉ አይደለም ብዬ ከራሴ ቡና ሞላሁልህ። መልሼ የሰፋሁትም በዚያው በነጩ ገመድህ ነው።»

ሰው አደራውን የሚያጣው ተበልቶበት ነው። የእኔ ተጨምሮበት ጠፋ። ላመስግናቸው ወይስ ላልቅስ ሳላውቅ መሬቱ ላይ ቁጢጥ አልኩ።

«ማሊ፣ ምን ሆንክ መምህር? አመመህ?»

«አባ መጫ፣ ያ ጆንያ መመለስ አለበት። ዛሬውኑ።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ቆባቸውን አስተካክለው ጃንጥላቸውን አነሡና «አማና የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ብቻህን አትሄድም» አሉ። ሚኒባሱ ግን «አንድ ሰው ብቻ ቀረን» እያለ ሰባት ሰው ከጫነ በኋላ ነው የተነሣው። መሐል መቀመጫ ላይ ተጣብበን ስንሄድ፣ ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ። ታብሌቶቹን፣ ካቢኔቱን፣ ሦስቱን ጓጉንቸር፣ የቀለጠውን ሶኬት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚኒባሱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ሰማ፤ ረዳቱ እንኳ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ ሰማ።

አባ መጫ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ «ሰሚራን ታውቃታለህ?» አሉኝ።

«ተማሪዬ ናት።»

«የልጄ ልጅ ናት። ሰኞ ከትምህርት ቤት መጥታ እጇን በአሸዋ ስታሽ አገኘኋት። ቆዳዋ እስኪላጥ። ምን ሆነሻል ስላት፣ ማሽኑ አያውቀኝም፣ ቲቸር እጅሽ ቆሻሻ ነው አለኝ አለች። እኔ ምን ማሽን እንደሆነ አላወቅኩም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጆንያው ውስጥ ያለው ያ ማሽን ነው?»

«እሱ ነው።»

«ያ ረቢ» አሉ። ቀጥለውም «እኔን ፈርተህ ዋሸኸኝ፤ ይሁን። ልጆቹን ግን ለምን ፈራህ?» አሉኝ።

አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው «ዱዓ እናደርጋለን፣ ይገኛል» ባይሉኝ ኖሮ ጅማ እስክንደርስ ቀና አልልም ነበር።

ሐሙስ በጅማ የገበያ ቀን ነው። የያዝነው ባጃጅ ሄርማታ ገበያ ላይ በበርበሬ፣ በዶሮና በሰው መካከል ተተከለና አልንቀሳቀስ አለ። ወርደን በእግር ሆነ። የቀኝ ጫማዬ በየአሥር እርምጃው ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ እመለሳለሁ፣ አነሣዋለሁ፣ እሮጣለሁ። አባ መጫ ከፊት ሆነው ጃንጥላቸውን እየወዘወዙ «ማሎ አሳልፉን! አማና ነው!» ይላሉ። ሰዉ አማና የሚለውን ሲሰማ ቅርጫቱን ሳይቀር እያነሣ መንገድ ለቀቀልን። አንድ ነጋዴ ሚዛኑን አስቀምጦ «አላህ ያግዛችሁ» አለን። በመንደራ ቆጪ ሰፈር በኩል ሌላ ባጃጅ አግኝተን የቡና ናሙና የሚወሰድበት ግቢ ስንደርስ ሁለታችንም ትንፋሽ አልቀረንም።

ግቢው ውስጥ አይሱዙ ተደርድሯል፤ ጆንያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በየመኪናው ላይ ግራጫ ጋዋን የለበሰ ሰው ይወጣል። በእጁ ጫፉ የሾለ፣ መሐሉ ቦይ ያለው ብረት ይዟል። ብረቱን ጆንያው ውስጥ ይወጋዋል፣ ያወጣዋል፣ በቦዩ የመጣውን ቡና አይቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የቡና ነገር የማታውቁ እንደሆነ፣ ናሙና የሚወሰደው እንደዚህ ነው፤ አንድም ጆንያ ሳይወጋ አያልፍም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ አይጥና ሌባ ስፈራ የመጣብኝ ጦር ነው።

አባ መጫ የኛን አይሱዙ በሾፌሩ አወቁት። ባለ ጋዋኑ ላዩ ላይ ቆሟል። «ቁም! አትውጋ!» ብዬ ጮህኩ። ጄኔሬተር ያጓራል፤ አልሰማኝም። ነጭ ማሰሪያ ያለው ጆንያ ላይ ብረቱን አነሣ። ወጋ።

ቀጭ አለ።

ሰውዬው ቆመ። ደግሞ በሌላ በኩል ቆረቆረ። ቀጭ። ቀና ብሎ «ድንጋይ!» አለ። ግቢው ሁሉ ዞረ። ቡና ውስጥ ድንጋይ መቀላቀል እዚያ ቦታ ከስርቆት የከፋ ነው። ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ከጥላው ሥር ተነሥተው መጡ፤ ተሸካሚዎችም ከበቡን። «የማን ነው?» ተባለ። ሾፌሩ ወደ አባ መጫ ጠቆመ።

አባ መጫ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲለቅሙና ሲጠብቁ ስማቸው በክፉ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። «የመምህሩ ነው» ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር። አላሉም። ጃንጥላቸውን ተደግፈው መሬት መሬቱን አዩ። አማና ማለት ይኼ ነው ለካ፤ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱንም ገመና።

መኪናው ላይ ወጣሁ። «የእኔ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም፤ ዋሽቻቸው ነው» አልኩ ለመላው ግቢ እንዲሰማ።

«ያንተ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» አለ ባለ ጋዋኑ።

ግራ እግሬን አነሣሁ። ሰውዬው የጫማዬን ማሰሪያ አየ፣ የጆንያውን ስፌት አየ፣ ልቅ የሆነውን ቀኝ እግሬን አየ። «እዚህ ሥራ ላይ ስንት ዘመን ቆይቻለሁ» አለ፣ «ጆንያ በጫማ የሚለይ ግን ዛሬ ገና አየሁ።» ጆንያውን ፈታው። ቡናው ከፈሰሰ በኋላ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሃያ። ጋዜጣው ተቀዷል። በየጀርባቸው ቁጥር ተለጥፎባቸዋል፤ የአሥራ አራተኛው ሽፋን ተበስቶ ጀርባው ላይ ረጅም ጭረት አለ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አሥራ አራተኛውን ተጫንኩት፤ በራ።

አባ መጫ «አልሀምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ ባለ ጋዋኑ ብረቱን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሴቶቹ ታብሌቱን እንዲያዩ ሰጠኋቸው። አንዷ ነካችው፤ ዝም አለ። ደገመች፤ ዝም አለ። «እኔንም አያውቀኝም» ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ ከጎኗ ያለችው ጠና ያለች ሴት ሳቀችባት። «ቡና ለቃሚ ጣቷ ደርቋል፣ ስልክ እንቢ ይላታል። እፍ በዪበት!» አለቻት። ሴትየዋ ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ ሞቅ አድርጋ ተነፈሰችበትና ነካችው። ተከፈተ። እኔና አባ መጫ ተያየን። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ሰውዬ የማላውቀውን ነገር ግቢው ውስጥ ያሉ ሴቶች ሁሉ ያውቁት ነበር።

ወደ የቡ ስንመለስ ጆንያው ተበስቶ ስለነበር ታብሌቶቹን የምይዝበት ነገር አልነበረኝም። ሚኒባሱ ውስጥ ለተሳፋሪው ሁሉ አንድ አንድ አደልኩ። አንዱ ገበሬ ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው፤ አንዲት እናት በነጠላዋ ጠቀለለችው፤ ረዳቱም አንዱን ደረቱ ላይ አቅፎ በር ላይ ቆመ። መንገዱ ሙሉ እነዚያን ታብሌቶች ያልነካ ሰው አልነበረም። የቡ ስንወርድ ቆጠርኩ። ሃያ ናቸው።

ዓርብ ካቢኔቱን አልከፈትኩትም፤ ወደ እሱም አልሄድኩም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ታብሌቶቹን ሃያ ዴስክ ላይ አስቀመጥኩና ክፍሉ ቡና ቡና ሸተተ። ሶኬት የለንም፤ ያላቸው ቻርጅ ረቡዕ የሞላው ብቻ ነው። ይህንኑ ነግሬ «እንዴት እንደምትካፈሉት እናንተ ታውቃላችሁ» አልኳቸው። ልጆቹ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰው ተራ አወጡ፤ አንዱ ሲሠራ ሁለቱ ዝም ብለው ያያሉ። እኔ በሁለት ሳምንት ያላገኘሁትን ሥርዓት በሁለት ደቂቃ አበጁት። አባ መጫ ጃንጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ከዚያ ሰሚራ ጋ ሄድኩ። ለራሴ ሦስት ጊዜ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። «ሰሚራ፣ እጅሽ ቆሻሻ አይደለም። እኔ ነኝ ያላወቅኩት። ይቅርታ» አልኳት። «እፍ በዪበትና ንኪው።»

አየችኝ። እጇን ከዴስኩ ሥር አወጣች፤ ጣቷ ጫፍ ላይ አሸዋው የላጠው ቦታ ገና አልዳነም። እፍ አለችበት። አሥራ አራተኛውን ነካችው። ተከፈተ። የዞረችው ወደ እኔ አልነበረም፤ ወደ በሩ ነበር።

«አካኮ! ነ ቤኬ!» አለች። አያቴ፣ አወቀኝ ማለቷ ነው። አባ መጫ በጃንጥላቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ።

ከሰሚራ ዴስክ የመጨረሻዋ ተረኛ እሷው ነበረች። ከሰዓት በኋላ ተራዋ ደርሶ የሙከራ ፈተናውን ስትጀምር ባትሪው ቀይ ሆነ። አምስት ጥያቄ ሲቀራት ሦስት በመቶ። ክፍሉ በሙሉ በዙሪያዋ ቆመ። «ፍጠኚ፣ ሊሞት ነው» አልኳት፤ የድሮው አመሌ ተነሥቶብኝ እጄን ልዘረጋ ነበር።

«ማሎ ቲቸር፣ አታስቸኩለኝ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ። እጄን ኪሴ ከተትኩት። እያንዳንዱን ጥያቄ አነበበች፣ አሰበች፣ እፍ አለች፣ ነካች። የመጨረሻውን መለሰችና ላከችው። ተልኳል የሚለውን ሁላችንም አነበብን፤ ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው መጣ። የሚረከበው ወጣት ታብሌቶቹን አንድ በአንድ ለማብራት ሞከረ። አንዱም አልበራም። የአሥራ አራተኛውን ጭረት በጣቱ ዳሰሰና አፍንጫውን ወደ ሽፋኑ አስጠግቶ አሸተተ። በጥርጣሬ አየኝ።

«መምህር፣ ባዶ ናቸው እኮ» አለኝ። «አንድም ቻርጅ የለውም!»

«የለውም» አልኩት። በዚያ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ሳስተምር እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። «ልጆቹ ጨረሱት።»